ካሜራው ፎከሱን ከያዘልን እኛ ምን እንያዝ?

ጥላና ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም፣ የዚህ መድረክ ፎቶ አንሺዎች። ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር ስላለ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው።

14 ዓመት የሠራሁት በዲኤስኤልአር፣ ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ ነው። ከ8 ወር በፊት ወደ ሚረርለስ፣ መስታወት ወደሌለው ካሜራ ገባሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በኤፍ 1.4፣ ሌንሱን በጣም ከፍቼ ያነሳሁት ፊት ሁሉ ፎከሱ ዓይን ላይ ቁጭ ብሏል። ድሮ አንድ ፊት ለማንሳት አምስት ስድስት ጊዜ እጫን ነበር፤ አንዱ ባይሳካ ሌላው ይተርፋል ብዬ። አሁን አንዴ ተጭኜ ወደ ሌላው እዞራለሁ።

ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሙሽራዋ ቆማ ለወላጆቿ የጻፈችውን ደብዳቤ ለእንግዶች ታነባለች። አባቷ ከኋላዋ፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ንባቡ መሃል ሲደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። የቀኑ ፎቶ እሱ ነበር። አየሁት፣ ካሜራውን አነሳሁ፣ ተጫንኩ። ማታ ከፍቼ ሳየው 31 ፎቶ አለ። በሁሉም ላይ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። አባትየው ግን ጭጋግ ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ።

በድሮው ካሜራ ቢሆን አልስተውም ነበር። አውራ ጣቴ ሳላዘው የፎከስ ነጥቡን ወስዶ እሳቸው ላይ ያሳርፈው ነበር። አሁን ያ ጣት ሥራ ፈትቷል። እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው፤ ያን ፎቶ ዳግም አላገኘውም።

እናንተስ ከአዲሶቹ ካሜራዎች ጋር ፎከስን እንዴት ነው የምትሠሩት? ምኑን ለካሜራው ትተዋላችሁ? ምኑን በእጃችሁ ትይዛላችሁ?

ሚሊሜትር

አይዞህ ወንድሜ። ምን እንደተፈጠረ እንዲገባን መጀመሪያ ምን እንደተቀየረ እንይ።

በዲኤስኤልአር ፎከሱን የሚለካው አካልና ፎቶውን የሚያነሳው ሴንሰር ለየብቻ ናቸው። ከብርሃኑ የተወሰነው በመስታወቱ አልፎ ወደ ታች ይወርድና ከሥር የተቀመጠ የፎከስ ሴንሰር ላይ ያርፋል። በዚህ መንገድና በዋናው ሴንሰር መንገድ መካከል የፀጉር ያህል ልዩነት ካለ ፎከሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። ሌንስና ካሜራ ካሊብሬት ስናደርግ፣ እርስ በርስ ስናስማማ የኖርነው ለዚህ ነው። ነጥቦቹም ጥቂት፣ መሃል ላይ የተሰበሰቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ያሉት ዋና ነጥቦች 9 ናቸው፤ ከእነሱም የቁሙንም የአግድሙንም መስመር የሚያነበው የመሃሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን በመሃሉ ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ አድርገን፣ ከዚያ ካሜራውን አዙረን ፍሬሙን እናስተካክል ነበር።

ያ ዘዴ ስህተቱን ይዞ ነው የሚመጣው። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 1.4፣ ርቀት 1.5 ሜትር እንበል። ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ከፊት እስከ ኋላ 2.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዓይኑ ወዲያ ግማሹ፣ 1.3 ሴንቲ ሜትር፣ ብቻ አለህ ማለት ነው። ፎከስ ካደረግክ በኋላ ካሜራውን 10 ዲግሪ ብታዞረው ፎከሱ ከዓይኑ ኋላ 2.3 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ዓይኑ ይለሰልሳል፣ ጆሮ አካባቢ ያለው ፀጉር ይጠራል። «እጄ ተንቀጠቀጠ» እያልን ራሳችንን ከወቀስንባቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ ጥፋታቸው ይኸው የማዕዘን ሒሳብ ነው።

በሚረርለስ ፎከሱን የሚለካው ራሱ ፎቶ አንሺው ሴንሰር ነው። ካኖን በ2013 በዲኤስኤልአሩ በ70ዲ ላይ እያንዳንዱን ፒክስል (የሴንሰሩን ጥቃቅን ነጥብ) ለሁለት ከፈለው። አንዱ ግማሽ በሌንሱ ግራ፣ ሌላው በቀኝ በኩል የመጣውን ብርሃን ያያል፤ ልክ እንደ ሁለቱ ዓይኖቻችን። ሁለቱ ምስሎች ምን ያህል እንደተራራቁ አይቶ ሌንሱ ወዴትና ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት ያውቃል። በ2017 ሶኒ ኤ9 በ693 ነጥብ የፍሬሙን 93 በመቶ ሸፍኖ፣ በሴኮንድ እስከ 60 ጊዜ እያሰላ መጣ። «ነጥቡ እዚያ ጋ አይደርስም» የሚባል ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ዓይነቱ ሌላ ነው። ካሜራው ድሮ የሚያውቀው ርቀት ብቻ ነበር። አሁን ያየው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰው ነው፣ ወፍ ነው፣ መኪና ነው ይላል። በ2022 የወጣው ሶኒ ኤ7አር 5 ሰው ጀርባውን ቢሰጠው እንኳ ከአቋሙ ተነስቶ ጭንቅላቱ የት እንዳለ ይገምታል። ያንተም ካሜራ አባትየውን ሳያያቸው ቀርቶ አይመስለኝም። ሁለት ፊት አይቶ ሲያበቃ ቅርቡንና ትልቁን መረጠ። ከሁለቱ ማን እያለቀሰ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የተሠራ አይደለም።

የፊልም ዘመን

ልጆች፣ እኔ የጀመርኩት ኦቶፎከስ፣ ካሜራው ራሱ ፎከስ የሚያደርግበት ነገር በሌለበት ጊዜ ነው። በዓይንህ የምታይበት መስኮት፣ ቪውፋይንደሩ መሃል ላይ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ ክብ ነበረች። ሰውዬው ዓይን ላይ ታሳርፋታለህ። የላይኛው ግማሽ ወደ ግራ፣ የታችኛው ወደ ቀኝ ሸሽቶ፣ ፊቱ መሃል ለመሃል የተሰበረ ይመስላል። ቀለበቱን ታዞራለህ። ሁለቱ ግማሾች ይቀራረባሉ፣ ይቀራረባሉ፣ ይገጥማሉ። ያኔ ትጫናለህ። ትንሽ ካለፍክ ትመለሳለህ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያቺ ቀለበት ጣቴ ላይ አለች።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኖልታ 7000 ሲወጣ አልወደድኩትም። ሞተሩ ካሜራው ውስጥ ሆኖ ሌንሱን ያዞረዋል። የፎከስ ስፍራው መሃል ላይ አንድ ብቻ ነው። ጥላና ብርሃን ዛሬ ያልከውን ነው እኔም ያኔ ያልኩት፤ እጄ ሥራ ፈታ ብዬ።

በኋላ ሳስበው ግን የከፋኝ የእጄ ነገር አልነበረም። ቀለበቱን ከመንካቴ በፊት «ማን ላይ?» ብዬ መመለስ ነበረብኝ። መልሱን ሳልይዝ ቀለበቱን ወዴት አዞረዋለሁ? ያ ጥያቄ በግድ ይመጣብኝ ነበር። የዛሬው ካሜራ ሳትጠይቀው መልሱን ያቀርብልሃል። ያውም ጥርት ያለ መልስ። ስለዚህ ጥያቄውን ራስህ አስበህ ማንሳት አለብህ። የሚያስታውስህ የለም።

አንድ ዛሬም የማልተወው ነገር አለኝ። ሰው የት እንደሚደርስ ካወቅኩ ቀድሜ እዚያ ቦታ ላይ ፎከስ አድርጌ፣ ኦቶፎከሱን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ሯጭ የመጨረሻዋን መስመር ሲረግጥ፣ ሰው ከበር ሲወጣ። ካሜራው የሚመርጠው ነገር አይኖርም፤ እኔ መርጬ ጨርሻለሁ።

ወፍ ተከታይ

ጋሼ የተናገሩትን በጣም ወድጄዋለሁ። እኔ ግን ከሌላው ወገን ልመስክር።

ለዓመታት የሚበር ወፍ ላይ ፎከስ ለመያዝ ስታገል ኖሬያለሁ። ሰማዩ ንጹህ ሲሆን ይሳካል። ከኋላ ዛፍ ከመጣ ካሜራው ወፏን ጥሎ ዛፉን ይይዛል። ከ100 ፎቶ 10 ከተረፈልኝ ቀኑ የተባረከ ነበር። አሁን የወፍ ዓይን የሚለይ ካሜራ ይዤ ወፏ ዛፉ ፊት ስታልፍ እንኳ አይለቃትም።

ታዲያ የተረፈኝን ሐሳብ የት አዋልኩት? ወፏ ላይ። ድሮ ዓይኔ ነጥቧ ላይ ተተክሎ ነበር የሚውለው። አሁን ወፏን አያታለሁ። ልትበር ስትል እግሯን ሰበር ታደርጋለች። ላባዋን ሰብሰብ አድርጋ አንገቷን ወደምትሄድበት ታሰግጋለች። ብዙዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ኩስ ይጥላሉ፤ ያንን ካየሁ ጣቴ ይዘጋጃል። እነዚህን ነገሮች ያወቅኩት ካሜራው ፎከሱን ከተረከበኝ በኋላ ነው። ለስድስት ዓመት ፊቴ ነበሩ፣ አላየኋቸውም።

ሌላም አለ። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢ-ኤም1 ማርክ 2 ያመጣው፣ ዛሬ በብዙ ካሜራ ያለ ዘዴ። ሻተሩን፣ የማንሻውን ቁልፍ፣ ግማሽ ድረስ ተጭነህ ስትጠብቅ ካሜራው ውስጥ ውስጡን ያነሳል። ሙሉ ስትጫነው ከመጫንህ በፊት የነበሩትን ፍሬሞች ጨምሮ ያስቀምጥልሃል። ወፏ ቅርንጫፉን የለቀቀችበትን ቅጽበት ጣቴ ደርሶባት አያውቅም ነበር፤ አሁን አለችኝ።

ግን ሸምበቆ ውስጥ የገባች ወፍ ስታጋጥመኝ ዛሬም ትግል ነው። ካሜራው የፊተኛውን ሸምበቆ ነክሶ አልለቅም ይላል። ያኔ ቀለበቱን በእጄ አዙሬ ወፏ አካባቢ አደርሰዋለሁ። ዓይኗን ሲያያት ይረከበኛል። እኔና እሱ እንዲህ እየተቀባበልን ነው የምንሠራው።

በእጄ ብቻ

እኔ ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ። የድሮ 50 ሚሊ ሜትር በአዳፕተር ገጥሜ፣ ፒኪንግ፣ ጥርት ያለውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየውን፣ አብርቼ በእጄ አዞራለሁ። ቀዩ መስመር ዓይን ላይ ሲመጣ እጫናለሁ። ካሜራ መርጦልኝ አያውቅም። በቀን የማነሳው ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱን ግን ለምን እንዳነሳሁት እነግርሃለሁ።

ሚሊሜትር

በእጄ ብቻ፣ አከብርሃለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፒኪንግ ጎላ ብሎ የተለየ ጠርዝ ባየበት ቦታ ሁሉ ቀለም ይቀባል። ሌንሱ በጣም ሲከፈት ቀዩ መስመር ከእውነተኛው ጥራት ሰፋ ብሎ ይታያል። ሽፋሽፍቱም ብሌኑም ሁለቱም ቀይ ሆነው እያየህ በፎቶው ላይ አንዱ ለስልሶ ታገኘዋለህ። በኤፍ 1.4 ከሆነ ምስሉን አጉልተህ እየው፣ ከዚያ ተጫን።

ሁለት ቁልፍ

ጥላና ብርሃን፣ ታሪክህን ሳነብ አንጀቴን በላኸው። እኔም ሰርግ ነው የማነሳው፤ እንደዚያው የሄደችብኝ ፎቶ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገርህ፣ ይጠቅምሃል።

መጀመሪያ ፎከሱን ከሻተሩ ላይ አወረድኩት። ሻተሩ ማንሳት ብቻ ነው ሥራው። ፎከስ ከኋላ፣ በአውራ ጣት በሚነኩት ቁልፎች ይሠራል። ሁለት ቁልፍ መደብኩ። የመጀመሪያው ሙሉውን ፍሬም ፈልጎ ዓይን ይይዛል። ሁለተኛው ፊትም ዓይንም መለየቱን ያጠፋና ትንሿን ነጥብ ብቻ ያመጣል፤ የት እንደምትሆን እኔ ነኝ የምወስነው። ሰው ብቻውን ቆሞ ከሆነ አንደኛው። ከአንድ ሰው በላይ ካለና ታሪኩ ከኋላኛው ላይ ከሆነ ሁለተኛው። በጨለማ ጣቴ እንዳይሳሳት ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ትንሽ ሻካራ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።

መሃል ቤት ያለም ዘዴ አለ። በብዙ ካሜራ የፎከሱን ስፍራ ትንሽ ሳጥን አድርገህ፣ በሳጥኑ አካባቢ ያለውን ዓይን ብቻ እንዲፈልግ ታዘዋለህ። አባትየው ላይ ሳጥኑን ብታሳርፍ የሳቸውን ዓይን ይይዝልህ ነበር። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ማን እንደሆነ እኔ እላለሁ፣ የትኛው ሽፋሽፍት እንደሆነ እሱ ያውቃል።

የተወሰኑ ካሜራዎች ደግሞ ፊት መዝግበህ ለእነዚያ ሰዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ያደርጋሉ። ሙሽሮቹን መዝግቤ ሞክሬዋለሁ፤ ሰው ሲበዛ ያግዛል። ግን አስብበት። አባትየውን ማን ይመዘግባቸዋል? የቀኑ ፎቶ ካልተመዘገበ ሰው ነው የሚመጣው።

ቬል ካለ ተጠንቀቅ። ዳንቴሉ ዓይኑን ቀድሞ ፎከሱን ይወስደዋል። መነጽር ላይ ብርሃን ሲያንጸባርቅም እንዲሁ። ብርሃኑ ከኋላ መጥቶ ፊቱ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ያኔ የፊቱን ጠርዝ ወይም የኮሌታውን መስመር ፈልጌ እይዛለሁ።

የፊልም ዘመን

ልጄ፣ ፕላስተሯን ወደድኳት። እኔም በጊዜዬ የቀለበቱ ሦስት ሜትር ላይ በምላጭ ጭረት አድርጌ ነበር፤ ሳላይ በጥፍሬ እንዳገኘው።

በነገራችን ላይ፣ በዓይን መምረጥም አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ካኖን በ1992 በኢኦኤስ 5 ላይ ያመጣው ነው። በቪውፋይንደሩ ውስጥ የምታየውን ነጥብ ካሜራው ከብሌንህ አይቶ ይመርጠው ነበር። ነጥቡ 5 ብቻ ነው፣ ለሁሉም ሰው ዓይንም እኩል አልሠራም። ከብዙ ዓመት በኋላ በ2021 በአር3 ላይ ተመልሶ መጣ። ሐሳቡ ግን ያኔም ትክክል ነበር፤ ካሜራው አንተ ማንን እያየህ እንደሆነ ይጠይቃል።

ድምፅና ምስል

የቪዲዮውን ወገን ማንም አላነሳም፣ እኔ ልግባበት።

በፎቶ ፎከሱ ልክ ነው ወይ አይደለም፣ አለቀ። በቪዲዮ ግን ፎከሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ተመልካቹ ጉዞውን ያየዋል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ እንበል። የቅርቡ ሰው ሲያዳምጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ካሜራው ፊት አጣሁ ብሎ ዘልሎ የኋለኛዋን ይይዛል። ታሪኩ ግን ያ ሰው ፊቱን ለምን አዞረ የሚለው ነበር።

ትልልቅ ፊልም ላይ ፎከስ ብቻ የሚይዝ ሰው አለ። ርቀቱን በሜትር ለክቶ፣ ተዋናዩ የሚቆምበት ወለል ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በላይ ግን ንግግሩን ያውቀዋል። በየትኛው ቃል ላይ ፎከሱ መነሳት እንዳለበት፣ ቀስ ብሎ ይሂድ ወይስ ቶሎ ይድረስ፣ ይህን በልቡ ይዞታል። እኔ ብቻዬን ነው የምሠራው፣ እንደዚያ ያለ ሰው የለኝም። ስለዚህ የካሜራውን የፎከስ ፍጥነት ዝግ አድርጌ፣ ፎከሱ የሚዘዋወርበትን ሰዓት ራሴ ስክሪኑን ነክቼ እነግረዋለሁ። መያዙን ለእሱ ትቼ ሰዓቱን እኔ እጠብቃለሁ።

ከቀረጻ በኋላ ልምረጥ የሚሉም አሉ። ላይትሮ የሚባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ሲቀርብ ፎከሱን በኋላ የመምረጥ ተስፋ ይዞ ነበር፤ ኩባንያው በ2018 ተዘጋ። የ2021ዱ አይፎን 13 በቪዲዮ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ ብዥታውን በስሌት ስለሚሠራው በኋላ መቀየር ትችላለህ። ሞክሬዋለሁ። የፀጉር ጫፍና የመነጽር ጠርዝ ላይ ይስታል። ከዚያ በላይ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በኋላ እመርጣለሁ ስል እዚያው ቆሜ ሰዎቹን በደንብ አላየኋቸውም።

አዲስ ገቢ

ሰላም፣ ካሜራ ከያዝኩ አራት ወር ሆኖኛል። ዓይን መለየቱ በርቶ ነው የጀመርኩት፤ ያለ እሱ አንስቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ሳነብ ያመለጠኝ ነገር ያለ መሰለኝ። ማንዋል፣ በእጅ ፎከስ ማድረግን ልማር ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

የፊልም ዘመን

ልጄ፣ የያዝሽው ካሜራ ጥሩ ነው፣ አትፍሪበት። አንድ ሳምንት ብቻ ይህን ሥሪ። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዕቃ በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ወደ ኋላ ደርድሪ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ክፈቺው፣ ዓይን መለየቱን አጥፊው፣ አንድ ነጥብ ያዢ። ከመጫንሽ በፊት «ሁለተኛው» ወይም «ሦስተኛው» ብለሽ በአፍሽ ተናገሪ፤ ከዚያ ተጫኚ። ፎቶው ላይ የተናገርሽው ከሆነ ደግሚው፤ ካልሆነ ለምን እንደሆነ እይ። በአምስተኛው ቀን ወደ ሰው ሂጂ። አፍሽ ቀድሞ መናገር ሲለምድ ዓይን መለየቱን መልሰሽ አብሪው።

ወፍ ተከታይ

ጋሼ፣ ይቺን እኔም ነገ እጀምራታለሁ።

ጥላና ብርሃን

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሁለት ቁልፍን ነገር በዚያው ቀን አስተካክዬ፣ ፕላስተሯንም ለጥፌ ነው የሰነበትኩት።

ትናንት የተማሪዎች የፒያኖ ዝግጅት ላይ ነበርኩ። አንዲት ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ትጫወታለች፣ ፊቷ ወደ እኔ ነው። አስተማሪዋ ከኋላ በመጋረጃው ጠርዝ ቆማለች። ልጅቷ አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ዝግ አለ። አስተማሪዋ በከንፈሯ ድምፅ ሳታሰማ ትቆጥርላት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ካሜራው የልጅቷን ዓይን ይዟል። «አስተማሪዋ» አልኩ በአፌ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ አየኝ። ፕላስተሯን ፈልጌ ተጫንኩ። አራት ፎቶ ነው ያነሳሁት። በሁለቱ ከንፈሯ ላይ ነው፣ «ሁለት» ስትል። በሦስተኛው ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሸፍናታለች። አራተኛው ሙሉ በሙሉ ብዥ ብሏል፤ ነጥቡ ከከንፈሯ ወርዶ ጥቁር ሹራቧ ላይ ሆኖ ሌንሱ ሲዋልል ነው የተጫንኩት። ሹራቡ ላይ ቀጫጭን የአግድም መስመር ነበረበት። ለምን መያዝ አቃተው?

ሚሊሜትር

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ሹራቡን ያልያዘበት ምክንያት ይኸው የአግድም መስመሩ ነው። የብዙዎቹ ሚረርለስ ፒክስሎች የሚያወዳድሩት ግራና ቀኙን ብቻ ነው። የአግድም መስመር ግራውም ቀኙም አንድ ስለሚመስል ምን ያህል እንደተራራቀ ማንበብ አይችሉም። ካኖን በ2024 በአር1 ላይ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያነብ አምጥቷል፤ በሌሎቻችን ካሜራ ግን መላው ቀላል ነው። ካሜራውን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ መስመሩ ገደድ ይበል። ሲይዝ ጣትህን ከፎከሱ ቁልፍ ላይ አንሳ፣ ካሜራውን መልሰህ አቅናውና ተጫን። ያዘነበልከው በራሱ በሌንሱ ዙሪያ ስለሆነ ርቀቱ አይቀየርብህም።